ቲም ሊደር ሆንኩ፣ ያልታደረበት አበል ላይ ልፈርም ወይ?

ጠያቂ፦ ሐይቅ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ትንሽ ሊረዝም ነው ታገሱኝ፣ ሳላብራራ ብጠይቅ "ጸልይበት" የሚል መልስ ብቻ እንዳይመጣ ብዬ ነው (መጸለዩንስ እየጸለይኩ ነው)።

ሀዋሳ አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ ነው ምሰራው። በቅርቡ ከሌላ ቅርንጫፍ ቲም ሊደር ተብዬ ተዛውሬ መጣሁ፣ ስሬ ሰባት ሰዎች አሉ ሁለቱ ሹፌሮች ናቸው። ስራችን ፊልድ ይበዛዋል፣ አለታ ወንዶ፣ በንሳ፣ አንዳንዴም ወደ ዲላ እንሻገራለን። ፕሮግራሙ ሲያዝ ከሰኞ እስከ አርብ ተብሎ ነው የሚያዘው፣ አራት አዳር ማለት ነው፣ አድቫንሱም (ቅድሚያ የሚሰጠን የአበል ብር) በዛ ልክ ይወጣል። ስራው ግን ብዙ ጊዜ እሮብ ያልቃል። እሮብ ማታ ሁላችንም ሀዋሳ ቤታችን ገብተን እራት በልተናል። ሐሙስና አርብ ቢሮ አይመጣም፣ ማጣሪያው ላይ (ያንን ብር የምናወራርድበት ቅጽ ላይ) ግን አራቱም አዳር ቁጭ ይላል፣ ደረሰኝ ተያይዞ ማህተም ተመቶበት።

ደረሰኙ ከየት ይመጣል ብላችሁ እንዳትጨነቁ። ዳዬ ያደርንበት ሆቴል ጠዋት ልንወጣ ስንል እንግዳ ተቀባይዋ ጥራዙን ከመሳቢያ አወጣች፣ ካርቦኑን አስገባች፣ እስክሪብቶውን ይዛ ቀና እንኳን ሳትል "ስንት ቀን ልጻፍላችሁ?" አለች። ስንት ቀን አደራችሁ አይደለም እኮ ያለችው። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም፣ ሁሉም መስሪያ ቤት እንደዛ ስለሚያስጽፋት ስራው እንደዛ ነው የሚመስላት።

አሁን ማጣሪያዎቹ ተሰብስበው ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። "ያጸደቀው" የሚለው ቦታ ላይ የኔ ስም አለ። የራሴን የሁለት አዳር ብዬ ሞልቼ የተረፈውን ለካሸሯ መለስኩ፣ እሷም እንደ ጉድ አየችኝ። ከዛ በኋላ ቢሮ ውስጥ "ፓስተር" የሚል ስም ወጥቶልኛል፣ ቡና ላይ "ፓስተር እየመጣ ነው ጸጥ በሉ" ይባላል ይሳቃል። እሱስ ይሁን ግድ የለኝም።

ያስቸገረኝ ሌላ ነው። አንደኛው የቲሙ አባል የቤተክርስትያን ወንድሜ ነው፣ አንድ አጥቢያ ነን፣ እዛ በጣም የሚከበር አገልጋይ ነው። ብቻውን ሳናግረው ምን አለኝ፣ "ወንድሜ ይሄ እኮ የተፈቀደ በጀት ነው፣ ካልተጠቀምንበት ወደ ፈረንጅ ነው የሚመለሰው፣ እኔ ደሞ አስራቱን አውጥቼበት ነው የምጠቀመው።" አስራቱን ሲለኝ ምን እንደምል ጠፋኝ። ሁለተኛው ደሞ ሹፌሩ ነው። ደሞዙን አውቀዋለሁ፣ የቤት ኪራዩን አውቀዋለሁ፣ ሁለቱ አይገናኙም። ሁለት አዳር ብቆርጥበት ወሩ ይፈርሳል፣ ይሄን እያወቅኩ እስክሪብቶ ማንሳት ከበደኝ።

እና ጥያቄዬ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ለስራ አለቃ የሚለው ብዙ ነገር እንዳለ አውቃለሁ ግን ሰኞ ጠዋት ላይ እንዴት ነው የሚሰራው? ፈርሜ የራሴን ብቻ በንጽህና ልያዝ? አልፈርምም ልበል? ወይስ ወደ ላይ ሪፖርት ላድርግ? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ በናታችሁ።


መልስ፦ ዝም ብሎ አላፊ

ወንድሜ አትድከም። አገሩን ብቻህን ልታስተካክል ነው? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል አገር ውስጥ ነው ያለኸው። ደሞ መጽሐፍ ቅዱስ ካልክ ሉቃስ 16ን አንብብ፣ መጋቢው ከስራ ሊባረር ሲል የጌታውን ባለ እዳዎች ጠርቶ መቶ ማድጋ ዘይት ያለበትን "ፈጥነህ ተቀምጠህ አምሳ ብለህ ጻፍ" አለው፣ መቶ ቁና ስንዴ ያለበትን ሰማንያ አስባለው። ጌታውም ልባም ነህ ብሎ አመሰገነው። ታድያ የዳዬዋ ልጅ ስንት ልጻፍልህ ብትል ምን አዲስ ነገር አለው 😀

ቁም ነገሩ ግን፣ የድርጅቱ ዳይሬክተር ስንት እንደሚበላ ታውቃለህ? ስብሰባ ሲሉ ቢሾፍቱ ሪዞርት ነው፣ አንተ እዚህ የሹፌር ሁለት አዳር ትቆጥራለህ። ፈርም፣ ቤትህ ግባ፣ ልጆችህን አሳድግ።


መልስ፦ የሰንበት ተማሪ

አላፊ እንዳልከው አትለፍ እስቲ ቁጭ በል 😀 ሉቃስ 16ን ያነሳኸው ጥሩ ነው፣ ግን ግማሹን ነው ያነበብከው። ሰውዬው በዛው ምዕራፍ ዓመፀኛው መጋቢ ነው የሚባለው፣ የተመሰገነውም ነገ የሚመጣበትን አስቦ ዛሬ ስለተነቃነቀ እንጂ ስላጭበረበረ አይደለም። ወረድ ስትል ቁጥር 10 ላይ ከሁሉ በሚያንስ የታመነ በብዙ ይታመናል ይላል፣ ቁጥር 12 ላይ ደሞ በሌላ ሰው ገንዘብ ካልታመናችሁ የእናንተን ማን ይሰጣችኋል ብሎ ይጠይቃል። "ወደ ፈረንጅ ነው የሚመለሰው" ላለው ወንድም መልሱ እዛው ምዕራፍ ውስጥ ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ ነዋ! ፈረንጅ ይሁን ቻይና።

ለጠያቂው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ ስለዚህ አንዳንድ ነገር በኛ አነጋገር ነው የምነግርህ ቅር አይበልህ። አንተ ጋ ያለው ነገር በጣም የሚመስለው የግያዝን ታሪክ ነው፣ 2ኛ ነገሥት 5። ንዕማን ከለምጹ ሲነጻ ኤልሳዕ ስጦታውን እምቢ አለ። ሎሌው ግያዝ ግን ሰረገላውን ተከትሎ ሮጠ። ምን ብሎ እንደጠየቀ አስተውል፣ ከተራራማው ከኤፍሬም አገር ሁለት ጎልማሶች እንግዳ መጥተውብናል፣ ለነሱ አንድ መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ስጠን አለ። ሁለት የሌሉ እንግዶች! ያልታደረ አዳር ማለት ይሄው ነው። ንዕማን ደሞ ደግ ሰው ነው ሁለት መክሊት ውሰድ ብሎ ለመነው፣ ከራሱ አገልጋዮች ሁለቱን አሸክሞ ላከለት። ዶነር (ለጋሽ) በለው። ግያዝ እቤት ደብቆ ገብቶ ኤልሳዕ ፊት ቆመ፣ ከወዴት መጣህ ሲባል "ወዴትም አልሄድኩም" አለ። 

ስለ አስራቱ። ዘዳግም 23 ላይ በመጥፎ መንገድ የተገኘ ዋጋ ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ የሚል አለ። ዘኬዎስን ደሞ ተመልከት ሉቃስ 19፣ ግማሹን ለድሆች እሰጣለሁ ብሎ አላበቃም፣ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። ለድሃ መስጠቱ ለባለቤቱ መመለሱን አልተካለትም። እኛ ጋ ንስሐ አባት ጋ ስትሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁህ መልሰሃል ወይ ነው። ይሄን ለወንድምህ ስትነግረው ግን ማቴዎስ 18 እንደሚለው አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ይሁን፣ አጥቢያችሁ ውስጥ ወሬው እንዳይቀድምህ። ብቻውን አናግሬዋለሁ ብለሃል፣ አንዴ ነው መሰለኝ። ደግመህ አናግረው።


መልስ፦ የሒሳብ ሰው

ሐይቅ ዳር ሰላም ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፋይናንስ ነው የሰራሁት አብዛኛውን በግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ፣ እና እንዲህ አይነት ማጣሪያ በሺህ ነው ያየሁት። ልንገርህ፣ ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያወጣው የሆቴል ደረሰኝ አይደለም። የመኪናውን ሎግ ቡክ ነው። እሮብ ማታ መኪናው ሀዋሳ ግቢ ውስጥ ስንት ኪሎሜትር ላይ እንደቆመ ተጽፏል፣ ጥበቃው የገባበትን ሰዓት መዝግቧል፣ ሐሙስ ነዳጅ አልተቀዳም። ሎግ ቡኩን ከማጣሪያው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ሻይ ሳይጠጣ ይጨርሰዋል። ከዛ ማንን ነው የሚጠራው? ሹፌሩን አይደለም፣ አገልጋዩን ወንድምህንም አይደለም። ያጸደቀውን ነው። "ፈርም ቤትህ ግባ" ያለህ ሰው ያን ቀን አብሮህ አይቀመጥም።

ይሄን ያልኩህ ግን ለማስፈራራት አይደለም፣ ስለ ፊርማ ያለህ ስሜት ትክክል መሆኑን ለማለት ነው። "የራሴን በንጽህና ልያዝ የሌላውን ልፈርም" የሚለው መንገድ የለም። ስትፈርም አይቻለሁ እውነት ነው ነው የምትለው። የውሸት ምስክርነት አስርቱ ትዕዛዛት ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ወረቀት ላይ ስለሆነ አይቀልም።

አሁን ወደ ስራው። እኔ ብሆን ወደ ላይ ሪፖርት ከማድረጌ በፊት ሰዎቼን እሰበስባለሁ። ሪፖርት ማድረግ ስህተት ነው አላልኩም፣ ግን ገና መጥተህ ሰው ሳታናግር ሪፖርት ካደረግክ ከዛ በኋላ የምትመራው ቲም አይኖርህም፣ የሚፈሩህ ሰባት ሰዎች ብቻ ነው የሚኖሩህ። ጠረጴዛህ ላይ ያሉትን ማጣሪያዎች ለየባለቤቱ መልስ፣ በእጅ ለእጅ፣ በኢሜይል አይደለም፣ "ባደርንበት ልክ ሞልታችሁ አምጡልኝ እፈርማለሁ" በላቸው። ማንንም ሌባ አትበል። የቀረው ለካሸር ይመለስ፣ አንተ ቀድመህ መልሰሃል ስለዚህ አፍ አለህ።

ነህምያ 5ን አንብበኸው ታውቅ ይሆናል፣ እኔ ለአለቆች ሁሉ የምሰጠው ምዕራፍ ነው። ሕዝቡ ከወለድ የተነሳ እርሻውንና ልጆቹን ሲያሲዝ ነህምያ መኳንንቱን ሰብስቦ ሲገስጽ "እናንተ" ብሎ ብቻ አልቀረም፣ እኔም ወንድሞቼም ብላቴኖቼም አበድረናል ይህን ወለድ እንተውላቸው አለ። ራሱን ውስጥ አስገብቶ። ከዛ ቀጥሎ ያለው ደሞ በቀጥታ ስለ አበል ነው ብትል ማጋነን አይሆንም። አስራ ሁለት ዓመት አገረ ገዢ ሆኖ ለገዢው የተፈቀደለትን ምግብ አልበላም። የተፈቀደለትን ነው እንግዲህ፣ መብቱ የሆነውን! ማዕዱ ላይ መቶ አምሳ ሰው ይቀመጥ ነበር፣ በቀን አንድ በሬና ስድስት የሰቡ በጎች ይታረዱ ነበር፣ ያን ሁሉ ሲያበላ የገዢውን ቀለብ አልጠየቀም። ለምን ሲባል በሕዝቡ ላይ ያለው ስራ ከባድ ስለነበረ ይላል። እዚህ ጋ ልብ በል፣ የራሱን ተወ እንጂ የድሃውን ሰራተኛ ቀለብ አልቆረጠም። ቅደም ተከተሉ ጥሩ ነው።

ስለዚህ የሹፌሩ ነገር። ሹፌሩ ያልታደረ አዳር የሚያስፈልገው ለምንድነው ብለህ ጠይቀሃል? የትርፍ ሰዓቱ ስለማይከፈለው ነው። ውርርድ እገባለሁ። ፊልድ ላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ማታ 3 ሰዓት መኪና የሚያጥብ ሰው ነው። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የስራ ሰዓት በቀን ከ8 በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል፣ ከዛ በላይ ለሰራው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ባለው ጊዜ የሰዓት ደሞዙ በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀኑ በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ስንቱ ድርጅት ነው ይሄን ለሹፌር የሚከፍለው? ዝም ብሎ "አዳር ጨምርበት" ይባላል፣ አለቃውም ያውቃል። እና ውሸቱ የተፈጠረው ከላይ ነው፣ ተጠያቂ የሚሆነው ግን እሱ ነው። ዘሌዋውያን 19 የሰራተኛውን ዋጋ እስከ ነገ አታሳድር ይላል፣ ያዕቆብ 5 ደሞ የቀረው ደሞዝ ይጮሃል ይላል። አንተ አለቃ ነህ አሁን። የውሸቱን አዳር ስትከለክለው የእውነቱን ሰዓት ሞልተህ አስከፍለው፣ ሁለቱን በአንድ ቀን አድርግ። አለበለዚያ እውነት ተናጋሪነትህ በድሃ ኪስ ላይ ብቻ የሚሰራ ይሆናል።


መልስ፦ ላንድክሩዘር

እኔ ሹፌር ነኝ። አንድ ቃል ሳልጽፍ ይሄን መድረክ ዓመታት አነባለሁ ዛሬ ግን እጄ አላስችል አለኝ።

የሒሳብ ሰው እግዜር ይስጥሽ፣ ስለኛ እንዲህ የጻፈ ሰው አላየሁም። ሐይቅ ዳር አንተም ማሰብህ ጥሩ ነው ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ስንቱ አለቃ ነው ሹፌሩ የት እንደሚያድር የሚያውቀው? እናንተ ሆቴል ስትገቡ እኛ አንዳንዴ መኪና ውስጥ ነን፣ ዕቃ ተጭኗል ጎማ እንዳይፈታ መስታወት እንዳይሰበር ተብሎ። ወንበር አጋድሞ ብርድ ልብስ ተከናንቦ። ያን ቀን የሆቴል ደረሰኝ ይዤ ብመጣ ውሸት ነው? በወረቀት ውሸት ነው፣ አውቃለሁ። ግን እኔ አላደርኩም? አድሬያለሁ፣ ከናንተ የባሰ ነው ያደርኩት። ሲስተሙ ለሱ ቦታ የለውም፣ ሆቴል ካልተኛህ አልተኛህም ነው የሚለው።

ቄስም ፓስተርም ሲሰብኩ ዮሐንስ ለጭፍሮች ያለውን ያነሱብናል፣ "ደመወዛችሁ ይብቃችሁ"። ይብቃችሁ ማለት ቀላል ነው። ከዛው ቦታ ላይ ለቀራጮች ምን አለ፣ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አለ። የታዘዘልኝን ስጡኝና ከዛ አብልጬ ከወሰድኩ ውቀሱኝ። እኔ እንደሱ ነው የምረዳው፣ ካጠፋሁ አርሙኝ።

እና ስትሰበስበን ከሹፌሩ አትጀምር። ከሹፌር የሚጀምር አለቃ ብዙ አይተናል።


መልስ፦ የሰንበት ተማሪ

ላንድክሩዘር ወንድሜ የሚታረም ነገር የለውም። እንዲያውም መኪና ውስጥ ያደርክበትን ሌሊት "ተሽከርካሪ ጥበቃ" ብለህ በግልጽ ብትጠይቅ የትኛው አለቃ ነው ፊትህን አይቶ አይሆንም የሚል? (አለ፣ አውቃለሁ፣ ግን ቢያንስ ያፍራል።)


መልስ፦ ዝም ብሎ አላፊ

እሺ የሹፌሩ ነገር ገባኝ እሱን አልከራከርም። ግን የሒሳብ ሰው እስቲ ንገሪኝ፣ ልጁ ይሄን ሁሉ ቢያደርግና ዋናው ኃላፊ ራሱ በልቶ ቢሆንስ? ማጣሪያ መልስ ብሎ የሚያዝ ሰው እዛ ቤት ውስጥ ይቆያል? ኮንትራቱ ሲያልቅ አይታደስለትም በቃ። ዳንኤል ከአንበሳ ጉድጓድ ወጣ፣ እኛ ሰፈር ግን አንበሳው በልቷቸው የቀሩ ልጆች አውቃለሁ፣ እውነት ተናግረው ስራ ፈተው ዛሬም ሲቪ ይዘው የሚዞሩ። ይሄንም መናገር ክርስትና ነው።


መልስ፦ የሒሳብ ሰው

አላፊ ይሄኛው ጥያቄህ የምር ነው። አዎ ሊሆን ይችላል። ኮንትራት ያልታደሰላቸው ሰዎች እኔም አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ወዲያው የተሻለ ስራ ሰጣቸው ብዬ አልዋሽህም፣ የሰጣቸውም አሉ ያልሰጣቸውም አሉ። ዳንኤል ምዕራፍ 6 ላይ ጠላቶቹ በመንግስት ስራው በኩል ሰበብ ፈልገው አጡበት ይላል፣ ጉድጓዱ ግን አልቀረለትም።

ግን ዳንኤልን ካነሳህ ከአንበሳው ምዕራፍ ይልቅ አንደኛውን ምዕራፍ ነው ለቢሮ ሰው የምመክረው። የንጉሡን ማዕድ አልበላም ብሎ በልቡ ቆረጠ፣ ግን አልጮኸም፣ ሰሃን አልገለበጠም። መጀመሪያ አለቃውን ለመነ። አለቃው ወደደው ግን ፈራ፣ ፊታችሁ ከሌሎቹ ከስቶ ንጉሡ ቢያይ ራሴን ታስቆርጡኛላችሁ አለ። ዳንኤል ተስፋ አልቆረጠም፣ ከአለቃው በታች በነሱ ላይ የተሾመውን ሰው ይዞ አስር ቀን ፈትነን፣ ጥራጥሬና ውሃ ስጠን፣ ከዛ ራስህ አይተህ ፍረድ አለው። የሙከራ ጊዜ ጠየቀ ማለት ነው። የሰውዬውን ፍርሃት ሰምቶ የማያስፈራ ሃሳብ ነው ያቀረበለት።

ሐይቅ ዳር አንተም ለኃላፊህ እንደዛ ይዘህለት ግባ። "ሰዎቹ ይሰርቃሉ" ብለህ አትግባ፣ "የሚቀጥለውን ፊልድ ብቻ በዚህ መንገድ ልሞክረው፣ ፕሮግራሙን በስራው ልክ ሶስት ቀን አርጌ ልያዘው፣ አድቫንሱ ያንሳል፣ የሹፌሮች ትርፍ ሰዓት ይከፈል፣ ከዛ አምስት ቀን ከሚወጣው ጋር አስተያየው" በለው። ቁጥር ይዘህ ሂድ። ችግሩ ግማሹ እኮ ማጣሪያው ላይ አይደለም እቅዱ ላይ ነው፣ የሶስት ቀን ስራ አምስት ቀን ተብሎ ሲያዝ ሁሉም ሰው ሁለቱ ቀን ለምን እንደተጨመረ ያውቃል። እቅዱን አንተ ነህ የምታዘጋጀው አይደል?

አንዳንድ ድርጅት ደሞ ደረሰኝ መጠየቁን ትቶ ቁርጥ አበል ነው የሚከፍለው፣ ባደርክበት አዳር ልክ የተወሰነ ብር ይሰጥሃል የፈለግክበት እደር ይልሃል። ያኔ የሆቴል ጥራዝ ጨዋታው ይቀራል፣ መኪና ውስጥ ያደረውም የአዳሩን ያገኛል። አዳሩን መዋሸት ይቻላል አሁንም፣ ግን ሎግ ቡክ አለ። ይሄን ሃሳብ ማቅረብ ትችላለህ፣ የሚወስነው ግን ከላይ ነው።


መልስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ አሜሪካ ሆም ኬር ነው የምሰራው፣ አረጋውያን ቤት እየሄድኩ። ድሮ ታይምሺት በወረቀት ሲሆን አምስት ሰዓት ሰርቶ ስምንት የሚጽፍ ሞልቶ ነበር፣ የኛም ሰው ሌላውም፣ ቤተሰቡም ይፈርምለት ነበር። አሁን ስልክ ላይ በጂፒኤስ ነው ክሎክ ኢን የምናደርገው፣ ከታካሚው ቤት ከራቅክ አይቀበልህም። ሰው ታድያ ጻድቅ ሆነ? አልሆነም፣ ስልኩን እዛ ትቶ የሚሄድ አለ 😅 እና ሲስተም መስራቱ ጥሩ ነው ግን የልቡ ነገር ለብቻው ነው። ሐይቅ ዳር እግዚአብሔር ይርዳህ፣ ላንድክሩዘር በርታ።


መልስ፦ ሐይቅ ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አላፊን ጨምሮ 😀 የምሬን ነው፣ የማይታደስ ኮንትራት የሚለው በጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ነው ያወጣልኝ።

ያደረኩትን ልንገራችሁ። ማጣሪያዎቹን መለስኩ፣ በእጄ፣ አንድ በአንድ። አልተሰበሰብንም፣ ስብሰባ ከጠራሁ ስብከት ይመስላል ብዬ ፈራሁ። ከአገልጋዩ ወንድሜ ጀመርኩ፣ ላንድክሩዘር ያልከው ጆሮዬ ውስጥ ነበር። የግያዝን ነገር አነሳሁለት፣ ዝም አለ፣ ከዛ "አንተ ልጆች የሉህም" አለኝ። እውነቱን ነው የሉኝም። ግን በማግስቱ ወረቀቱን አስተካክሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ፣ አላናገረኝም። እስካሁን ሰላምታ ብቻ ነን፣ እሁድም በሌላ በር ነው የሚወጣው። ይሄ ያመኛል፣ አልደብቃችሁም። ደግሜ ሻይ ልጋብዘው አስቤያለሁ፣ ስለ አበል ላላወራ።

ከቲሙ ሁለት ሰዎች እስካሁን አላመጡም። አንዷ "ድሮ የነበረው አለቃ እኮ ምንም አይልም ነበር" አለችኝ፣ እኔም አውቃለሁ አልኳት፣ እዛ ላይ ቆመናል።

ሹፌሩ ጋ ስደርስ ወረቀቱን ከመመለሴ በፊት የት የት እንዳደርክ ንገረኝ አልኩት። አንደኛውን ሌሊት መኪና ውስጥ ነው ያደረው፣ ዳዬ፣ እኔ እዛው ሆቴል ፎቅ ላይ ተኝቼ። አላውቅም ነበር። የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ከሎግ ቡኩ ጋር ተቀምጠን ሞላን፣ በትርፍ ሰዓት ቅጽ፣ ቅጹ መስሪያ ቤቱ ውስጥ አለ እኮ! መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ። ኃላፊዬ ጋ ይዤ ገባሁ፣ በሙከራ መልክ፣ የሒሳብ ሰው እንዳልሽው ቁጥር ይዤ። እምቢ አላለም እሺም አላለም፣ "ተወው እስቲ ልየው" ነው ያለኝ።

አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅ። የሚቀጥለው ፊልድ ሰኞ ነው፣ እቅዱን ሶስት ቀን አድርጌ አስገብቻለሁ። ኃላፊዬ የትርፍ ሰዓቱን ሳያጸድቅ ቢቀር ለሹፌሩ ከራሴ ኪስ ብሸፍንለት ልክ ነው ወይስ ሌላ ችግር እየፈጠርኩ ነው? እና ሆቴሏ ላይ ያለችው ልጅ "ስንት ልጻፍላችሁ" ስትለኝ ሰው ፊት ሳላሳፍራት ምን ልበላት?


መልስ፦ የሒሳብ ሰው

ከኪስህ አትሸፍን። አንዴ ቸገረው ብለህ እንደ ወንድም ብትሰጠው ያ ሌላ ነው፣ ስጠው፣ ግን የደሞዝ ምትክ አድርገህ አትያዘው ምክንያቱም ድርጅቱ እዳውን ባንተ ደግነት ይሸፍናል፣ የሚቀጥለው ቲም ሊደር ደሞ እንዳንተ ካልሰጠ ክፉ ይባላል። ቅጹን አስፈርመህ አስገባና ቀን ያለበትን ኮፒ ለሹፌሩ ስጠው፣ እሱ ጋ ይቀመጥ። ኃላፊህ "ልየው" ካለ በሳምንቱ ሂድና አየኸው ወይ በለው፣ እንዳትቆጣ፣ እንዳትተወውም። ያላመጡትን ሁለቱን ደሞ አትከተላቸው፣ አድቫንሳቸው ሳይወራረድ ሌላ አድቫንስ አይወጣላቸውም፣ ሰኞ ሲደርስ ራሳቸው ይመጣሉ።

ለልጅቷ "ሁለት" በላት በቃ። ቁጥሩን ብቻ። ፈገግ ብለህ።


መልስ፦ ላንድክሩዘር

ሐይቅ ዳር የሹፌሩን አልጋ ቀድመህ ያዝለት። ዳዬ ማታ ይበርዳል።